ከሎሚው ሥር የወሰድኩት አፈር

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የላቦራቶሪ ሙያ እማር ነበር። አንድ ቀን መምህራችን እያንዳንዳችን ከየግቢያችን አንድ ማንኪያ አፈር እንድናመጣ አዘዘን።

«ብዙ መድኃኒት የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው» አለን። «ማን ያውቃል፣ አዲሱ የእናንተ ግቢ ውስጥ ይሆናል።»

በጋ ስለነበር ግቢያችን እንደ ድንጋይ ደርቋል። ማንኪያዬ የገባው ከሎሚው ሥር፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር።

ያመጣነውን አፈር ለየብቻ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ዘራነው። ከሳምንት በኋላ የላቦራቶሪውን በር ስንከፍት፣ ዝናብ ያባራ ይመስል የእርጥብ አፈር ሽታ ተቀበለን። ውጭው አቧራ ነው። ሽታው የሚወጣው ከእኔ ሳህን ነበር፤ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። መምህሩ ከአንድ የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ቁስል የተወሰደ ባክቴሪያ አጠገቡ ዘራበት። በሁለተኛው ቀን ባክቴሪያው ሳህኑን ሞልቶታል፤ በነጩ ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ቀለበት ቀርቷል።

«ገደላቸው!» አለ መምህሩ በሹክሹክታ። «ቅዳሜ ግቢያችሁ መጥቼ ከአፈሩ ጨምሬ እወስዳለሁ።»

ለእናቴ ስነግራት ስንዴ ትለቅም ነበር። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

«ከየት ነው የቆፈርሽው?»

«ከሎሚው ሥር።»

እስከ ቅዳሜ አላነጋገረችኝም። ወንድሜ ከቤት ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር፤ ስለ እሱ ስትጠየቅም እንዲሁ ነበር ዝም የምትለው። እዚያ ተቀብሮ ይሆን የሚል ሐሳብ መጣብኝና በመስኮት መመልከት ፈራሁ።

መምህሩ አካፋ ይዞ ሲመጣ፣ እናቴ በርጩማዋን ቦታው ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ይነሱልኝ እንጂ እናቴ፣ ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር ነው።»

ለሕዝብ ሲላት ተነሳች።

ብዙም ሳይቆፍር አካፋው ጆንያ ነካ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ያየሁት የወንድሜን መጻሕፍት ነው። ቤት እየተፈተሸ ሰው በወረቀት የሚታሰርበት ጊዜ ነበርና እናቴ ብቻዋን ቀብራቸዋለች። ያ ነጭ ነገር ገጹን ሁሉ ለብሶታል፤ ፊደል የሚባል አልተረፈም። መምህሩ አንዱን ቢነካው እንደ ሰው ቆዳ ተላጠ።

ወደ አጥሩ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ አፈሩን መልሶ ረገጠው።

«ምንም የለም!» አለ፣ ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

ከሳህኑ ላይ የወሰደውን ግን ለምርመራ አዲስ አበባ ላከው። ከወራት በኋላ መልስ መጣ፤ ነጩ ነገር የሚሠራው መድኃኒት ቀድሞ የታወቀ፣ በየፋርማሲው የሚሸጥ ነው። መምህሩ ቅር ብሎት ነገረኝ፣ እኔም ለእናቴ ነገርኳት።

«እንግዲህ ሌላ ሰው ሊቆፍር አይመጣማ?»

«አይመጣም።»

የዚያን ቀን ምሳ ላይ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ የወንድሜን ስም ጠራች። በሕይወት መኖሩን የሰማነው ግን ከዚያም በጣም ዘግይቶ ነው።