ለለቅሶ በሳይክል የደረሰው ሰው

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ዓመት ቢያልፈውም አልረሳውም። ከአዳማ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ በወጣሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን ሳይክል ላይ እስቃለሁ። የሚያየኝ ሰው ፀሐይ የመታኝ ሳይመስለው አይቀርም።

እኔ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ሲቀረው ሐኪሜ "ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ቁጭ ብለህ መዋሉን ቀንስና ተንቀሳቀስ" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ማታ ማታ በእግሩ ዞር ዞር ይል ነበር። እኔ ግን ሲፈጥረኝ መሃል ላይ መቆም አላውቅም። አንድ ደንበኛዬ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ በአንድ ቀን ተከታትለው የሚካሄዱበት ውድድር እንዳለ ሲያጫውተኝ፣ መቀሴን አስቀምጬ "እኔንም አስመዝግበኝ" አልኩት። ዋና እንደማልችል ትዝ ያለኝ ሱሪውን ይዞ ከሄደ በኋላ ነው።

ባለቤቴ ሰናይት ነገሩን ስትሰማ "ሰው በዚህ ዕድሜው ቤት ይሠራል፤ አንተ ውሃ ውስጥ ልትንቦጫረቅ ነው?" አለችኝ።

እሁድ እሁድ ሶደሬ እየሄድኩ ዋና ጀመርኩ። ለወገባቸው ሕመም ፍል ውሃ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው "እግርህን ምታ! እጅህን ምን ነካው?" እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ዋና እንደማይችሉ የነገሩኝ እኔ በደንብ ከለመድኩ በኋላ ነው። ሲነጋጋ ሰፈሬ ውስጥ ስሮጥ ደግሞ ባጃጆች አጠገቤ እየቆሙ "ብሮ፣ ምን ሆነህ ነው? ግባ ላድርስህ!" ይሉኛል። የትም እንደማልሄድ ስነግራቸው ያዝኑልኛል።

በመጀመሪያው ውድድሬ ሳይክሉ ላይ ባቴ ተሸማቀቀና የአዘጋጆቹ ፒካፕ ጭኖ አመጣኝ። ሰፈራችን ስንደርስ ከኋላ ከሳይክሌ ጋር ተቀምጬ ነበር። ያላየኝ ጎረቤት የለም። ከዚያ ወዲህ ቁልፍ ሊያስተክል የመጣ ደንበኛ ሳይቀር "ዘንድሮስ በምን ነው የምትመለሰው?" ይለኝ ጀመር።

ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጨረስ። አንደኛ መውጣት አላማረኝም። ደንቡ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ያልገባ "አልጨረሰም" ተብሎ ይመዘገባል ይላል። ከስድስት ሰዓት በፊት ገብቼ ስሜ ከጨረሱት ጋር እንዲጻፍ ነበር ምኞቴ።

ለዋናም፣ ለሳይክልም፣ ለሩጫም የሚሆነውን ጥብቅ ያለ ልብስ ገበያ ላይ ስላጣሁት ራሴ ሰፋሁት። የሚሳበው ጨርቅ የተገኘው በጥቁር ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆንኩ። የሚሳብ ጨርቅ በዚግዛግ እንደሚሰፋ ለተለማማጆች ሁሉ እነግራለሁ፤ የራሴን ግን ቸኩዬ በቀጥታ ስፌት ደፈንኩት። ዳቦ ጋጋሪ ለራሱ ያረረውን ይበላል እንዲሉ ሆነ።

ውድድሩ ከሶደሬ ገንዳ ተነስቶ በመልካሳ በኩል በሳይክል አዳማ ገብቶ በሩጫ ያልቃል። ጠዋት አንድ ሰዓት ይጀመራል ተብሎ የክብር እንግዳው እስኪመጡ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። መጨረሻው ስድስት ሰዓት ግን ፍንክች አላለም። ከውሃው የወጣሁት የመጨረሻ ሆኜ ነው። ቢሆንም ሳይክሉ ላይ ስወጣ ጊዜው እንደሚበቃኝ አስልቼዋለሁ። ከኋላ የቀረውን የሚሰበስበው ፒካፕ ገና ሶደሬ የገንዳውን ገመድ እየጫነ ነበር።

መልካሳ ስደርስ ከፊት ለፊቴ ቀብር አየሁ። ሳጥን የተሸከሙ ወንዶች፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ዣንጥላ የያዙ ቄስ መንገዱን ሞልተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳሉ። መኪኖች ሁሉ ጥግ ይዘው ቆመዋል።

አስከሬን በጎማ አይታለፍም። ውድድር ላይ ነኝ ብዬ በጎን ሹልክ ብል እናቴ ከመቃብሯ ተነስታ ትቆነጥጠኛለች። ወረድኩ፤ የራስ ቆቤን አወለቅኩ። አሥር እርምጃ ሸኝቼ፣ ነፍስ ይማር ብዬ ልመለስ ነው ሐሳቤ።

አምስተኛው እርምጃ ላይ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ። የእድሩ ዳኛ አቶ ቱፋ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅኩት። የገንዳው ውሃ ዓይኔን አቅልቶታል፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ልብሴ ጥቁር ነው።

"ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?" አሉኝ።

"ከሶደሬ።"

"በዚህ በሳይክል?"

"አዎ አባቴ።"

ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ ሕዝቡ ዞረው "መኪና አጥቶ እኮ ነው፤ በሳይክል ደረሰ!" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው "ኮቱ፣ ኮቱ ልጄ፤ ና ወደ ፊት" ብለው አቀፉኝ።

አይደለም ልል አፌን ስከፍት አንዲት ሴት ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጣሉብኝ። ልብሴን ሲያዩት እርቃኔን ከቤት የሮጥኩ መስሏቸው ነው። አንድ የእድር ሰው ደግሞ "እሱን ለኔ ተወው" ብሎ ሳይክሌን ተቀብሎኝ ወደ ለቅሶው ቤት ይዞት ሄደ። ቤቱ የት እንደሆነ አላውቅም። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። አንዲት ድምፀ መልካም ሴት ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

"መኪና ቢያጣ ጊዜ፣ መንገዱ ቢርቀው፣
ወዳጅ በሳይክል መጣ እንባ እያነቀው።"

ያነቀኝ የገንዳው ውሃ ነበር። ግን እንዲህ ተብሎ ተገጥሞልኝ እንዴት ልናገር?

"ትከሻ ስጥ" አሉኝ። ሰጠሁ። እውነቱን ለመናገር ሳጥኑ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ሰዓቱን ረሳሁት። አባቴን የቀበርን ቀን ከተሸከሙት ሰዎች ግማሾቹን አላውቃቸውም ነበር፤ ዛሬም አላውቃቸውም። ያን ጊዜ ማን ናችሁ ብዬ የጠየቅኩት አንድም ሰው የለም። እዚያ ላይ ያነባሁት የእውነት ነው።

ከቀብር በኋላ ለመሄድ ሳይክሌን ማግኘት ነበረብኝ፤ ሳይክሌ ያለው ለቅሶው ቤት ነው። ሄድኩ። ድንኳኑ በር ላይ እጄን አስታጠቡኝና ወደ ውስጥ አስገብተው ከቤተሰቡ ጎን አስቀመጡኝ። ሳይክሌን ከድንኳኑ ጥግ፣ ከወንበሮች ኋላ አየኋት። የውድድር ቁጥሬ አርባ አንድ እንደተለጠፈባት ናት። ማንም ገና አልተነሳም፤ እኔ ቀድሜ እንዴት ልነሳ?

ንፍሮ መጣ። ከዋና በኋላ ያለውን ረሃብ የሚያውቀው ያየ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ዘገንኩ። አጠገቤ ያሉት ሴት "ብላ ልጄ፤ ሐዘን እኮ ያስርባል" አሉኝ። አራተኛም ዘገንኩ።

የሟች ባለቤት እማማ ዘውዴ ሲመለከቱኝ ቆይተው "የማን ልጅ ነህ? ለጋሽ በዳዳ ምኑ ነህ?" አሉኝ። የቀበርኩትን ሰው ስም ያወቅኩት ያኔ ነው። በቃ ልናገር ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ ውጭ መኪና ቆመ።

ፒካፑ ነው። የውድድሩ ተቆጣጣሪ መምህር ደረጀ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ ሳያንጠለጥል አይንቀሳቀስም። ሳይክሌን በድንኳኑ ክፍተት አይቶ ኖሯል። "አርባ አንድ! አርባ አን..." እያለ ገባና ለቀስተኛውን ሲያይ ቆም አለ። ፊሽካውን ሸሚዙ ውስጥ ከተተው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መውጣት ነውር ነው። ጎንበስ ብሎ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አለና ጎኔ ተቀመጠ። ለሱም ንፍሮ ተሰጠው።

"ዘመድህ ነው?" አለኝ በሹክሹክታ።

"አይደለም።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ሳይክሌን ወሰዱብኝ።"

ንፍሮውን አኘከ። "ስንት ደቂቃ ብንቀመጥ ነው ነውር የማይሆነው?" አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የዘገየንበት የፒካፑ ሹፌር ሊጠራን መጣ። እሱም እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ተቀመጠ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የቀረውን የሚሰበስበው መኪና ባዶውን ውጭ ቆሟል፤ ሰብሳቢውም ተሰብሳቢውም ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይቆረጥማሉ።

እማማ ዘውዴ ሦስታችንንም አዩን። "እኒህስ?" አሉ።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ጎናቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ውድድር ላይ እንደሆንኩ፣ ቀብሩን ባልፍ ነውር መስሎኝ እንደወረድኩ፣ ጋሽ በዳዳን በሕይወታቸው አይቻቸው እንደማላውቅ፣ እስከ ስድስት ሰዓት አዳማ ካልገባሁ እንደማይቆጠርልኝ። "ይቅር ይበሉኝ፤ ላታልላችሁ ብዬ አይደለም" አልኩ።

እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሴቶቹ ያለቀሱ መስሏቸው እየየውን አቀለጡት። እሳቸው ግን ነጠላውን ሲያነሱት እየሳቁ ነው። እንባቸው እየወረደ ይስቃሉ። "ወይኔ በዳዳ! ይህን ቢሰማ እኮ በሳቅ ነበር የሚሞተው!" አሉ።

ከዚያ እጄን ያዙት። "የወለድነው ልጅ መንገድ ራቀኝ ብሎ ቀርቷል። አንተ ሳታውቀው ተሸክመህ ቀበርክልኝ። በል ተነስ፤ ሩጥ!"

ብድግ ስል ቀጥታ ስፌቴ ከወገቤ እስከ ታች ጠረረረ አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያልሰማ የለም። ጋቢው ባይኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ፊት አይኖረኝም ነበር። ጋቢውን ያለበሱኝ ሴት "ታጥቀኸው ሂድ፤ ሌላ ቀን ትመልሳለህ" አሉኝ። ለቀስተኛው በሙሉ ሊሸኘኝ ወጣ። አንዷ እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች። አቶ ቱፋ ሳይክሌን ከኋላ ገፉልኝ።

ጋቢውን ወገቤ ላይ አሸርጬ ያን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። መምህር ደረጀ በፒካፑ ከኋላዬ እየተከተለ ፊሽካውን እየነፋ ያበረታታኛል። አዳማ ገብቼ ሳይክሌን ጥዬ በጋቢ ሮጥኩ። ባጃጆች "ፋዘር፣ ጸበል ነው የምትሄደው?" ይሉኛል።

መጨረሻው ላይ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። በአየር የተነፋውን የመጨረሻ በር አስተንፍሰው እየጠቀለሉት ነበር፤ ላዩ ላይ ተራምጄ ገባሁ። ያለችው ሰናይት ብቻ ናት፤ የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የውሃ ኮዳዬን ታቅፋለች። ጋቢውን አየች፤ እኔን አየች።

"የት ነበርክ?"

"ለቅሶ።"

"ማን ሞቶ?"

"ጋሽ በዳዳ።"

"እሱ ደግሞ ማን ነው?" አለች። መሬት ላይ ተዘርግቼ ስነግራት እሷም እየሳቀች አጠገቤ ተዘረጋች።

መምህር ደረጀ ለአዘጋጆቹ ሊከራከርልኝ ሞከረ። የት እንደቆየሁ ለማስረዳት ግን እሱ ራሱ የት ተቀምጦ እንደነበር ማስረዳት ሊኖርበት ነው። መዝገቡ ላይ "አልጨረሰም" ተብዬ ተጻፍኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል አንገበገበኝ፤ አልዋሽም።

ጋቢውን አጥበን ልንመልስ ከሰናይት ጋር መልካሳ ሄድን። ምሳ ሳንበላ አልለቀቁንም። ለአርባውም ተጠራን። አሁን እዚያ መንገድ ላይ ሳይክል ስለማመድ ደጃቸውን ዝም ብዬ ማለፍ ቀርቷል። እማማ ዘውዴ ከበር ላይ "ልጄ!" ካሉ መውረድ ነው። ቢያንስ ውሃ ጠጥቼ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቄ፣ አቶ ቱፋን ሰላም ብዬ ነው የምነሳው። እንዲህ እየሆንኩ ፍጥነቴ ከወር ወር እየቀነሰ ነው። ግን ከዚያ ቤት ወጥቼ ሳይክሌ ላይ ስወጣ የሚሰማኝን ደስታ የትኛውም ውድድር አልሰጠኝም።

ዘንድሮም ተመዝግቤያለሁ። ስመዘገብ አዘጋጆቹን የሳይክሉ መንገድ በሌላ በኩል ቢሆን ብዬ ለመንኳቸው። አንዱ "መንገዱ ምን ችግር አለበት?" አለኝ።

"ምንም ችግር የለበትም" አልኩት፤ "ዘመዶች አሉኝ።"