ከባሕር በታች «ደህና ነኝ» ማለት

ዋና የተማርኩት ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ ነው፤ ያውም ኦስሎ፣ ውጭው በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ፣ ጡረተኞች ለጉልበታቸው በሚገቡበት ሙቅ ገንዳ ውስጥ። ያስተማረችኝ ምጽዋ ተወልዳ ያደገች ጓደኛዬ ናት። ሃውገንስቱዋ የሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ትኖር ነበር። ከእኔ በብዙ ትበልጣለች፤ አንቱታን ግን ገና በተዋወቅን ቀን ከልክላኛለች። ጀርባዬን በመዳፏ ደግፋ «ዝም ብለሽ ተኚ» ትለኝና እጇን ሳትነግረኝ ታነሳዋለች። እኔ የተደገፍኩ መስሎኝ ጣሪያውን እያየሁ ስንሳፈፍ፣ እሷ የገንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ትስቅብኛለች። እንዲህ እያታለለች አስለመደችኝ።

ዋና መማር ያስፈለገኝ በልጄ ምክንያት ነው። አንድ ልጅ አለችኝ፤ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች። ኦከርን ካለ ቢሮ ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበራት። አባቷ ካረፈ በኋላ አንድ ቀን ብድግ ብላ የግማሽ ዓመት ፈቃድ ወሰደችና ዛንዚባር ሄደች። እዚያ ኮራል የሚባለው፣ ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት ያለበት፣ ጥልቀት የሌለው ፀጥተኛ ባሕር አለ፤ ሥራዋ ጠልቀው የማያውቁ ሰዎችን አስተምሮ ወደ ኮራሉ ማውረድ ነው። ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል የዛንዚባሩ አሠሪዋ ሁለት ዓመት እንድትቆይለት ጠየቃት። መልስ አልሰጠችውም። «መጀመሪያ አንቺ መጥተሽ እዪው» አለችኝ።

ለምን እንደምታመነታ አልጠፋኝም። ምክንያቱ እኔ ነኝ፤ ላምበርትሴተር ባለው ቤታችን ብቻዬን መቅረቴ ነው። ስለዚህ ትኬት የቆረጥኩት ዓሣ ለማየት አልነበረም። ደህና መሆኔን በዓይኗ አይታ፣ ልቧ አርፎ፣ የምትወደው ሥራ ላይ እንድትቀር ነው። ለዚህ ብዬ ፀጉሬን ተሠራሁ፤ በዕድሜዬ ለብሼው የማላውቀውን አበባ ያለበት ቀሚስ ገዛሁ።

ያልነገርኳት ነገር ነበር። ያቺ ዋና ያስተማረችኝ ጓደኛዬ በገና ሰሞን ጠቅልላ ስዊድን ያለው ልጇ ጋ ሄዳለች። አክስቴ እያለች የምትጠራት ልጄ በስልክ «አክስቴስ?» ስትለኝ «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» እላለሁ። ውሸትም አይደል፤ ስዊድን ሆና ደህና ናት። እሑድ እሑድ ግን እግሬ ስለለመደ በባቡር እስከ ሃውገንስቱዋ እሄዳለሁ። እወርድና ከጣቢያው አጠገብ ካለው ሱቅ የማያስፈልገኝን ሽንኩርት ገዝቼ እመለሳለሁ። እንግዲህ ይህ ለልጅ የሚነገር ነገር አይደለም።

እኛ ዘንድ «እንዴት ነሽ?» ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው። ትኩሳት ይዞሽም ቢሆን፣ አልጋ ላይ ሆነሽም ቢሆን ደህና ነሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ የምሠራው ባርነሃገ፣ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሕፃናት ጋር እውላለሁ። እነሱን «አታልቅሺ፣ የቱ ጋ እንዳመመሽ በቃል ንገሪኝ» ስላቸው እውልና፣ ቤቴ ገብቼ ስልኩ ሲጮህ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን አሳምሬ ደህና ነኝ እላለሁ። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ አብሮኝ ያደገ ነው።

ዛንዚባር ስደርስ ልጄ በነጠላ ጫማ ተቀበለችኝ። ጠቁራለች፤ ፀጉሯ ጫፉ ላይ በጨው ቀልቷል። ይበልጥ የገረመኝ ግን አረማመዷ ነው። ኦስሎ ሳለች ባቡር እንደሚያመልጠው ሰው ነበር የምትራመደው። እዚያ ግን ቀስ ብላ፣ ግራ ቀኝ እያየች፣ ላገኘችው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠች ነው የምትሄደው። አባቷን መሰለችኝ። ሳልነግራት ዋጥ አደረግሁት።

የጠላቂ የጎማ ልብስ ስታለብሰኝ ሳቄ መጣ። እኔ በክረምት ጠዋት ሕፃናቱን የበረዶ ቱታ የማለብሰው ልክ እንደዚያ ነው፤ አንድ እግር ይገባል፣ ሳብ፣ ሌላው ይገባል፣ ሳብ፣ ከዚያ ዚፑ እስከ አንገት። ወገቤ ላይ ወደ ታች የሚያሰምጥ ክብደት ያለበት ቀበቶ አሰረችልኝ። ያለዚህም ከባድ ነኝ ብላት አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ነበረች። ጀርባዬ ላይ ያለውን ሲሊንደር ኦክስጅን ብዬ ስጠራውም አረመችኝ፤ ተራ አየር ነው አለች፣ ይቺው የምንተነፍሳት።

ውሃው ደረት በሚደርስበት ቦታ ቆመን ሕጉን ነገረችኝ። ትንፋሽን መያዝ ክልክል ነው። ሲወርዱ ጆሮ እንዳይወጋ አፍንጫን ይዞ ቀስ አድርጎ መንፋት ነው። ውሃ ውስጥ መናገር ስለማይቻል ንግግሩ በእጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ «ደህና ነሽ?» ማለት ነው፤ መልሱም ያው ቀለበት ነው። የተዘረጋ መዳፍ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ልክ ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ ከዚያ የሚያመውን በጣት ማሳየት ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ኮስተር አድርጋ ነበር። «እዚህ ይሉኝታ የለም፣ እማ» አለችኝ። «እውነቱን ብቻ ነው የምታሳዪኝ።»

ጭንቅላታችንን ውሃ ውስጥ ነክረን ቀለበቷን አሳየችኝ። እኔም እንደ አገሬ ሰው ቅንድቤን ብድግ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኳት። ግንባሬ ሲሸበሸብ ዓይንና አፍንጫዬን የሸፈነው ማስክ ከፊቴ ላይ ለቀቀና የጨው ውሃ በዓይኔም በአፍንጫዬም ገባ። ከውሃው ብቅ ስንል እየሳቀች አገጬን ይዛ አፍንጫዬን ጠረገችልኝ። ኖርዌጂያኖቹም አዎ ለማለት ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እንደሚስቡ፣ ቅንድብ ግን እንደማያነሱ ነገረችኝ። ማስካቸው አይለቅም፤ በዚህ እንኳ በለጡን። ከዚያ በኋላ በፊቴ ሳይሆን በእጄ ብቻ እንድመልስ አስማለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት በትንሽ ጀልባ ኮራሉ ወዳለበት ወጣን። ባሕሩ ሳህን ውስጥ እንደተቀመጠ ውሃ ፀጥ ብሏል። ከእኛ ሌላ የነበረው ጀልባውን የሚነዳው ሽማግሌ ብቻ ነው። ልጄ እጄን ይዛ፣ የጀልባውን ገመድ ተከትለን፣ ቀስ እያልን መውረድ ጀመርን።

ጥቂት እንደወረድን ግራ ጆሮዬን ወጋኝ። አፍንጫዬን ይዤ ነፋሁ፤ አልተከፈተም። ልጄ ቀለበቷን አሳየችኝ። እኔም ቀለበት። ደግሞ ወረድን፤ ሕመሙ ወደ ግንባሬ ወጣ። ደግማ ጠየቀችኝ፤ እኔም ደግሜ ቀለበት አሳየኋት፣ እንዲያምርልኝ በሁለቱም እጄ። በጭንቅላቴ የነበረው አንድ ነገር ነው። እዚህ ከተሸነፍኩ፣ ልጄ እናቴ ደክማለች ብላ ጓዟን ጠቅልላ ትመለሳለች። ከበታቼ ቢጫና ወይን ጠጅ ዓሦች ይተራመሱ ነበር፤ ማየቱን አይቻቸዋለሁ፣ መልካቸው ግን ትዝ አይለኝም። ልጄ ፊቷን ወደ ማስኬ አስጠግታ ዓይኖቼን አየቻቸው። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ሳትጠይቀኝ አውራ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ፣ እንውጣ ማለት ነው፣ ክንዴን ይዛ ቀስ እያለች አወጣችኝ።

ጀልባው ላይ ማስኩን ሳወልቅ ውስጡ ትንሽ ደም ነበረበት። ከአፍንጫዬ ነው። ክፉ ነገር እንዳልሆነ በኋላ ሐኪምም ነግሮናል፤ ልጄ ግን ያንን ደም አይታ ከንፈሯ ነጣ። ፎጣ ደረበችልኝና ራቅ ብላ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ጠየቀችኝ።

«አያቴ ሞታ ሳለ ስንት ጊዜ ደህና ናት አሉሽ?»

እናቴ አዲስ አበባ ስታርፍ፣ እንደ ወጉ መርዶውን በስልክ የሚነግረኝ አልነበረም። እህት ወንድሞቼ ኦስሎ ያሉ ዘመዶችን አፈላልገው፣ በጠዋት ቤቴ መጥተው እስኪያረዱኝ ድረስ፣ በደወልኩ ቁጥር «ደህና ናት፣ ተኝታ ነው» ይሉኝ ነበር። በፍቅር እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ አንድ ቀንም ቅር ብሎኝ አያውቅም። ለካ ያኔ ሕፃን የነበረችው ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማ ኖሯል።

«አንቺ ደህና ነኝ ባልሽኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እሱ ነው» አለችኝ። «ብትታመሚ አትነግሪኝም። ሁለት ዓመት እዚህ ተቀምጬ እንዲህ መኖር አልችልም። ለሰውዬው እምቢ ልለው ነው። አብሬሽ እመለሳለሁ።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት፣ ጆሮዬ እስኪፈነዳ የቻልኩት ይህን ላለመስማት ነበር። ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አክስትሽ ከሄደች ቆየች» አልኳት። «ስዊድን ናት። እሑድ እሑድ የሌለችበት ሰፈር ድረስ ሄጄ ሽንኩርት ገዝቼ እመለሳለሁ። ራት ስበላ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ የሚለውን ግን አልሰማውም። አባትሽ ይናፍቀኛል፣ አንቺም ትናፍቂኛለሽ። ደህና አይደለሁም። ግን አልታመምኩም፤ ሥራሽን ትተሽ እንድትመጪም አልፈልግም።»

ሽማግሌው አማርኛ ባይገባውም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረልን። ልጄ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። የጠየቀችኝ ግን ያላሰብኩትን ነው።

«ሽንኩርቱን ሁሉ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ቁሌት እያቁላላሁ ፍሪዘሩን እንደሞላሁት ነገርኳት። ሁለታችንም እያለቀስን መሳቅ ጀመርን፤ ሽማግሌውም ምኑም ሳይገባው አብሮን ሳቀ። በዚያን ዕለት ለአሠሪዋ እምቢም እሺም አላለችውም። እኔ ከተመለስኩ በኋላ መልስ እንደምትሰጠው ነግራው ተለያዩ።

ጆሮዬ እስኪሻለው አረፍኩ። ሐኪሙ ከፈቀደልኝ በኋላ እንደገና ወረድን። ገመዱ መሃል ላይ ስንደርስ ቀለበቷን አሳየችኝ። መዳፌን አወዛወዝኩና ጆሮዬን ጠቆምኩ። ጥቂት ከፍ አልን። ጠበቀችኝ፤ የሚያጣድፈን ማንም አልነበረም። አፍንጫዬን ይዤ ነፋሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ ብሎ ተከፈተ። እንደገና ስትጠይቀኝ የሰጠኋት ቀለበት እውነተኛ ነበር።

ያን ቀን ያየሁትን ሁሉ አስታውሳለሁ። እንደ ጎመን ቅጠል የተደራረበ ኮራል አለ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣም አለ። አፏ እንደ በቀቀን የቆለመመ አረንጓዴ ዓሣ ኮራሉን ስትቆረጥም ድምፁ ይሰማል፤ ጎረቤት ቆሎ እንደሚበላ ሰው። ከጣቴ የማትበልጥ ብርቱካናማ ዓሣ ደግሞ ቤቷ አጠገብ ስለደረስኩ እፊቴ ድረስ መጥታ ተቆጣችኝ። ወደድኳት። ትንፋሼ በአረፋ እየሆነ ወደ ላይ ሲሄድ ከመስማት በቀር ሥራ አልነበረኝም። የልጄ አባት ካረፈ ወዲህ ሰውነቴ እንዲያ አርፎ አያውቅም።

ልጄንም አየኋት። ኮራሉን ሳትነካ ከላዩ ታልፋለች፤ እጇን ብዙ አታንቀሳቅስም፤ በየመሃሉ ዞር ብላ ታየኛለች። የፈራ ሰው ቢያያት ፍርሃቱ የሚለቀው ይመስለኛል፤ የእኔ ለቅቆኛል። ኮራሁባት። ይህችን ልጅ ኦከርን ቢሮ መልሶ ማስገባት ግፍ ነው አልኩ በልቤ።

ኦስሎ ስመለስ መንገዱ ሁሉ ገና በረዶ ነበር። ልጄ ለአሠሪዋ መልስ መስጠት ባለባት ዋዜማ፣ ከሥራ ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ደወለችልኝ። እንዴት ነሽ አለችኝ። አፌ እንደልማዱ ሊጀምር ሲል ያዝኩት። ዛሬ ከፍቶኛል አልኳት። ባርነሃገ ውስጥ አንዲት ሕፃን ጫማዋን ሳስርላት «ያንቺ ልጅ የት ናት?» ብላ ጠይቃኝ፣ ሩቅ ናት ብያት፣ ኋላ ካፖርት መስቀያው ክፍል ገብቼ እንዳለቀስኩ ነገርኳት።



«ልምጣ?» አለችኝ።

«አትምጪ» አልኳት።

ዱሮ ቢሆን እርግጠኛ ነሽ ወይ እያለች ታደርቀኝ ነበር። አሁን ግን «እሺ፣ እማ» ብላ፣ ጠዋት ስላየቻት የባሕር ኤሊ ታጫውተኝ ጀመር። ኤሊዋ አሸዋው ላይ እንቅልፍ ወስዷት እንደነበር፣ አብረዋት የወረዱት ጀማሪዎች እንዳይቀሰቅሷት እጃቸውን አጣምረው ዙሪያዋን እንደተንሳፈፉ ነገረችኝ።

በማግስቱ ለሁለት ዓመት መፈረሟን ጻፈችልኝ። መልእክቱን ያነበብኩት ላምበርትሴተር ጣቢያ ቆሜ ነው። አምናኛለች። የሄድኩበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ባቡሩ መጥቶ ሄደ፣ ሌላም መጥቶ ሄደ፣ እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አትምጪ ያልኳት ከልቤ ነው። ብትመጣ ግን አውሮፕላን ጣቢያ የምደርሰው ከሁሉም ሰው ቀድሜ ነበር።