ሳጃና ያስቀመጥኳቸው ደብተሮች

ልብ ወለዴን የጀመርኩት ካርቱም ውስጥ፣ አል-ማንሺያ የሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ በሰው ቤት ስሠራ ነው። ከወሎ ስወጣ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ ደራሲ የመሆን ሐሳብ ግን ያኔ አልነበረኝም። ሐሳቡ የመጣው ካርቱም በገባሁ በሦስተኛው ዓመት፣ ልብስ ስተኩስ ነው። እጄ ሲሠራ አፌ ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ በዚያ ቤት በአማርኛ የማናግረው ሰው የለም። እናም ኮምቦልቻ ውስጥ ዳቦ ቤት ያላቸው፣ አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ፣ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተነጋገሩ ሁለት እህትማማቾች ጭንቅላቴ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ለምን እንደተኳረፉ እኔም አላውቅም። ለማወቅ ስል መጻፍ ጀመርኩ።

ዕቃዬ ደብተርና ሰማያዊ እስክሪብቶ ብቻ ነበር። የሱዳን ተማሪዎች ደብተር ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍበት ስለሆነ ቀዩ የኅዳግ መስመር በቀኝ በኩል ነው። እኔ ዘቅዝቄ እይዘዋለሁ፤ ያኔ ኅዳጉ ወደ ግራ ይመጣል፣ ሽፋኑ ላይ የተሳለው ግመል ግን እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ይቀራል። የሳምንቱን ዓረፍተ ነገሮች በቃሌ እይዛለሁ። አንድ ሸሚዝ ተኩሼ እስክሰቅል አንዱን ዓረፍተ ነገር እየደጋገምኩ አስተካክለዋለሁ። የዕረፍት ቀኔ ጁምዓ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ግማሹ ይጠፋብኛል። በቀረውም ውስጥ አረብኛ ይገባበታል። አንድ ቀን ያለፈውን ሳምንት ሳነብ፣ ከኮምቦልቻ ወጥታ የማታውቀው ታናሽ እህት ሠራተኞቿን «ያላ! ያላ!» እያለች ስታጣድፍ አገኘኋት። ሰረዝኩትና ወገኖቼ በዚያ ቦታ ምን እንደሚሉ ለማስታወስ ሞከርኩ። «ቶሎ በሉ» የሚለው ቃል እስኪመጣልኝ ድረስ ሻዬ ቀዘቀዘ።

መጻፊያ ቦታ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። እዚያው አል-ማንሺያ፣ ከአባይ ዳር፣ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ካፌ ነበር፤ አንድ ጊዜ የአሠሪዬ፣ የመዳሜ፣ ልጅ የሰጠችኝን ቀሚስ ለብሼ ገባሁ። አስተናጋጁ መጥቶ፣ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለኝ። ማንንም አልኩት። ከሩቅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ፤ አንድ መስመር ሳልጽፍ ወጣሁ። ቀጥሎ ባለው ሰፈር፣ ቡሪ ውስጥ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አጠገብ፣ ከኒም ዛፍ ሥር የምትቀመጥ ሻይ ሻጭ ነበረች። እሷ ዘንድ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ መጻፍ እችል ነበር። የምጽፈውን ጎንበስ ብላ አይታ፣ «ማሻአላህ፣ ጉንዳን ነው የሚመስለው» ትለኝ ነበር። አቧራ ሲነሳ ግን ሁላችንም ተነስተን እንሮጣለን።

በመጨረሻ የረጋሁት ሳጃና የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ነው። ባለቤቷ ሠላሳ ዓመት ካርቱም የኖረች የጎንደር ሴት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ካፌዋ አራት ጠረጴዛ አላት። ግድግዳው አጠገብ ያለውን ለእኔ ትይዝልኛለች፤ ሰው ሊቀመጥበት ሲል «እዚያ የሚጻፍበት ነው» ትላለች። እዚያው ካርቱም የተወለደች ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ አለቻት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ይሰባበርባታል፣ ማንበብም አትችልም።

ደብተሮቹ ሳጃና የቀሩት በመዳሜ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከትራሴ ሥር አግኝታቸው ይዛ መጣች።

«ስለ እኛ ነው የምትጽፊው?»

«ኧረ ዋላሂ፣ ስለ ዳቦ ቤት ነው።»

«ዳቦ ቤት ይኼን ሁሉ ገጽ?»

አላመነችኝም። ማስረዳትም አልቻልኩም፤ የእኔ አረብኛ ገበያ ከመላክና ወጥ ቤት ከመታዘዝ አያልፍም። በሚቀጥለው ጁምዓ ሦስቱንም ደብተሮች ለእትዬ ሰጠኋት፤ በስኳር ከረጢት ጠቅልላ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠችልኝ። ሦስተኛው ሊሞላ ጥቂት ገጽ ቀርቶት ነበር።

በረመዳን መጨረሻ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ተኩስ ተጀመረ። በማግስቱም አላቆመም። ቀናት ካለፉ በኋላ የመዳም ቤተሰብ ሻንጣ ጭኖ ወጣ። መዳም በር ላይ ቆማ፣ «አንድ ሳምንት ነው ኢንሻላህ፣ ቤቱን ጠብቂ» አለችኝ። እሺ አልኳት። መብራት የለም፣ ስልክ አይሠራም፤ በርሜል ውስጥ ያለውን ውሃ በኩባያ እየለካሁ አምስት ሳምንት ተቀመጥኩ። ለመጻፍ ሞከርኩ። ወረቀት ነበረ፣ እስክሪብቶ ነበረ፣ ጊዜ ደግሞ ሞልቶ ተርፎ ነበር። አንድ መስመር አልወጣልኝም። ደብተሮቹ አጠገቤ ሳይኖሩ የቱ ጋ እንደደረስኩ እንኳ ማስታወስ አልቻልኩም። አንድ ቀን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች በሩን ገንጥለው ገቡ። አንደኛው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና፣ «ውጪ፣ ቤቱን እንፈልገዋለን» አለ። ወጣሁ። ከጎረቤት ቤት ከወጡ ሁለት ሠራተኞች ጋር በእግራችን ቡሪን አቋርጠን፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየተጠጋን ሄድን። እነሱ ወደ ዘመዶቻቸው ሲታጠፉ እኔ ብቻዬን ሳጃና ደረስኩ።

እትዬ ስታየኝ ጮኸች፤ አቅፋኝ አለቀሰች። ግማሽ ሰውነቷን ጥላለች። ውሃ ሰጠችኝ፣ የተቀቀለ ምስር አቀረበችልኝ። እየበላሁ ዓይኔ ወደ ፍሪጁ ሄደ። ከረጢቱ የለም። ማየቴን አይታ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ አቃጠልኩት» አለችኝ። «ጋዙ አለቀ፣ ከሰሉ አለቀ፣ ወንበሮቹን ፈልጠን ጨረስን። ውሃው ሳይፈላ የሚጠጣ አልነበረም፤ ልጅቷ ሆዷን ታማ ነበር።»

«ምንም አይደል እትዬ» አልኩ።

«ዝም ብዬ አይደለም ያቃጠልኩት። አንብቤ ነው። እያንዳንዷን ገጽ አንብቤ ነው የቀደድኩት።»

ልጇ ከጥግ ሆና፣ «ማማ ታነባለች፣ ታለቅሳለች፣ ታቃጥላለች» አለች። «እኔ በቃ እላለሁ፣ ኸላስ። እሷ አንድ ገጽ ቆዪ ትላለች፣ አልጨረስኩም ትላለች።»

እትዬ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ነው የምታነበው። እሳቱ እየጠበቃት፣ ልጇ እየታመመችባት፣ ጉንዳን የመሰለውን ጽሑፌን በጣቷ ስትከተል አሰብኳት። የጻፍኩትን ሙሉውን ያነበበልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። መቆጣት አማረኝ፤ በማን ላይ እንደምቆጣ ግን ጠፋኝ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የምታስታውሰውን እንድትነግረኝ ጠየቅኋት፤ እንደገና ልጽፈው ነበር። ብዙ ነገር ይዛለች። የዳቦውን ሽታ፣ ሁለቱ እህቶች በጎረቤት ልጅ በኩል መልእክት የሚለዋወጡበትን ክፍል፣ እኔ ራሴ የረሳሁትን የአጎታቸውን አነጋገር ሳይቀር አወራችልኝ። ከዚያ፣ «ትልቋ ስትሞት ግን አንጀቴን በላሽው» አለች።

«ትልቋ አልሞተችም እትዬ። አውቶቡስ ተሳፍራ ነው የሄደችው።»

«ሞታለች።»

«እኔ አይደለሁ የጻፍኩት? ደሴ ሄደች።»

«ልጄ፣ አልቅሼላታለሁ እኮ። ያልሞተችን ሰው እንዴት አለቅሳለሁ?»

የማሳያት ገጽ የለም። ተበሳጭቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ልጇ ተከትላኝ መጣች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አትናደጂ» አለችኝ። «ኔትወርክ አንድ ቀን መጣ። ከጎንደር ደወሉ። የማማ እህት ሞተች፣ ትልቋ። ተቀበረች አሉ፣ ቆይቷል አሉ። ማማ ለማንም አልተናገረችም። እኔን ዝም በይ አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ቀን ያንቺን ደብተር ይዛ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ትልቋ እህት አልተከራከርኳትም። ለእህቷ ለቅሶ ያልተቀመጠችን ሴት፣ «ተሳስተሻል፣ አውቶቡስ ተሳፍራለች» እያልኩ ማረም አልሆነልኝም።

አሁን ተኩሱ ከሰፈራችን ርቋል፤ ካፌው በሁለት ጠረጴዛ ተከፍቷል። የምጽፈው ጊዜው ባለፈበት የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ። ከሦስቱ ደብተሮች አርባ ገጽ ያህል መልሼ አግኝቻለሁ፤ የቀረው እንደማይመጣ አውቄዋለሁ። ባለፈው ወር ትልቋ እህት የምትሞትበትን ክፍል ጻፍኩና ለእትዬ አነበብኩላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«ብቻዋን አልነበረችም» አለች ስጨርስ። «ታናሽየዋ አጠገቧ ነበረች። እጇን ይዛት ነበር። እሱን ዘለልሽው።»

እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። እሷም እህቷ ስትሞት አጠገቧ አልነበረችም፤ በመሃላቸው ይኼ ሁሉ መንገድ ነበረ።

«እሺ እትዬ» አልኳትና ጨመርኩት። ኩርፊያቸው ሳይፈታ አሥራ አንድ ዓመት የቆየ እህቶች በአንድ ዓረፍተ ነገር እጅ ለእጅ ተያያዙ። ልብ ወለዱ በዚያች ዓረፍተ ነገር እንደተበላሸብኝ ይሰማኛል፤ ልሰርዛት ግን እጄ እምቢ ብሎኛል። በሚቀጥለው ምዕራፍ ታናሽየዋ ብቻዋን ዳቦ ቤቱን መክፈት አለባት። ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ ዱቄቱን አስቡክቼ፣ እሳቱን አስነድጄ፣ በሩ ላይ አቁሜያታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግ አላውቅም።