የእትዬ ብሩሽ ነጭ ሰማይ

እኔ ፎቶ ኮፒ አንሺ ነኝ። የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በር ላይ በስተቀኝ የምታገኙኝ፣ ማሽኑ ወረቀት በጎረሰ ቁጥር የምሰደበው ሰውዬ። ፊት ለፊቴ፣ የሥዕል ዕቃው መደርደሪያ ጋ፣ አሥራ አራት ዓመት የቆመችው ደግሞ እትዬ ብሩሽ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስትሰማው ሳምንት አኮረፈችኝ፤ ኋላ ግን ራሷ ስልክ አንስታ "ሃሎ፣ እትዬ ብሩሽ ነኝ" ማለት ጀመረች።

ከእሷ ብሩሽ መግዛት ቀላል አልነበረም። ሰው ገብቶ "ሰፊ ጠፍጣፋ ብሩሽ አለ?" ሲላት መልሷ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፤ "ለውሃ ቀለም ነው ለአክሪሊክ?" "ለሁለቱም" ያለ ሰው ወየውለት።

"ለሁለቱም ከሆነ ሁለት ግዛ! የውሃ ቀለም ለስላሳ ጠጉር ነው የሚፈልገው። ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ አንዴ ሲያልፍ ወረቀቱ ላይ እኩል የሚለቅ። አክሪሊክ ወፍራም ነው፤ ለእሱ ይሄ ናይሎኑ ነው የሚሆንህ፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚቆመው። ደግሞ አክሪሊክ ከደረቀ ፕላስቲክ ነው፤ ለስላሳው ጠጉር ውስጥ ከደረቀማ በቃ፣ አለቀለት።"

ይህን ካለች በኋላም ዝም ብላ አትሸጥም። አዲስ ብሩሽ ቅርጹን እንዲይዝ ከፋብሪካ ሙጫ ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ እሷ መደርደሪያው ላይ ባስቀመጠችው ብርጭቆ ውሃ ሙጫውን ታለቅቅና ብሩሹን አንዴ አራግፋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ታደርገዋለች። ጫፉ እንደ ቢላ ስለት ቀጥ ብሎ ከገጠመ ጥሩ ነው። ለሁለት ከተሰነጠቀ "ይሄ ባለ ሁለት ምላስ ነው" ብላ ወደ ጎን ትጥለዋለች። ጠጉሩን ሳብ ሳብ ታደርግና ከረገፈ ደግሞ ቀና ብላ የእኔን መላጣ ራስ ታያለች። ደንበኛው ይስቃል፤ እኔም ምን አማራጭ አለኝ፣ አብሬ እስቃለሁ።

የማያስቀው ሌላው ጠባይዋ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ መምህር ለስላሳውን ብሩሽ አክሪሊክ አድርቆበት፣ "ይለቅ ይሆን?" ብሎ ይዞ መጣ። እትዬ ብሩሽ ፊቷ ተለዋወጠ። ሰው እንደገደለ ነው የጮኸችበት። "እንዴት እጅህ እሺ አለህ? እንዴት ሳታጥበው ትተኛለህ?" ሰውዬው ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ወጣ። እኔም ተናድጄ "እንዴ እትዬ፣ ብሩሽ እኮ ነው!" አልኳት። አልመለሰችልኝም።

የመለሰችልኝ ከወራት በኋላ፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኔ ዝም ያለ ዕለት ከሰዓት ነው። ውጭ ይዘንባል፤ ገበያ የለም።

አባቷ ጡረታ የወጣ የሥዕል መምህር ነበር አለችኝ። ግራኝ ነው፤ ብሩሹን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚስበው። የሚኖረው ከታናሽ እህቷ ጋ ነበር። እህትየው የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ በአክሪሊክ እየሠራች ነበር የምትተዳደረው፤ ስለዚህ የአባትና የልጅ ቀለም አንድ ጠረጴዛ ላይ ይውላል። አባትየው አራት ጣት የሚሰፋ ለስላሳ ጠፍጣፋ ብሩሽ ነበረው፤ ከመያዝ ብዛት እጀታው በአውራ ጣቱ ልክ ጎድጉዷል። በመጨረሻው ዓመት በዚህ ብሩሽ ያደጉበትን ቤት ለእትዬ ብሩሽ ይስልላት ጀመር። ግድግዳው አለቀ፣ ዛፉ አለቀ፣ ቀዩ ጣሪያ አለቀ። ሰማዩ ብቻ ቀረ። "ሰማይ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሠራ" ይላል፤ እጁ እስኪረጋ ይጠብቃል። መነጽርህን ቀይር ሲሉት ግን ይቆጣል።

አንድ ቀን እትዬ ብሩሽ ልትጠይቀው ስትሄድ እህቷን ጠረጴዛው ጋ አገኘቻት። የአባትየው ብሩሽ በእጇ ነው፤ በነጭ አክሪሊክ ተለውሶ ድርቅ ብሏል። የቤቱ ሥዕልም ሰማዩ በሙሉ ወፍራም ነጭ ተቀብቷል። አባትየው አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

"አሮጌ ብሩሽና አሮጌ ወረቀት መስሎኝ ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለች ታናሺቱ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አባትየው ብሩሽ አልነካም። በሦስተኛው ወር ሞተ። እትዬ ብሩሽም ለቀስተኛ በሞላበት ቤት እህቷን "አባቴን በሽታ አልገደለውም፤ አንቺ ነሽ የገደልሽው" አለቻት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታናሺቱ "እሺ" ብቻ አለች፤ የስድስት ዓመት ልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

"እሺ አለች እኮ" አለችኝ እትዬ ብሩሽ፣ በዝናቡ ድምፅ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "ሐሰት ቢሆን እሺ ትል ነበር?"

ሥዕሉን ወስዳ አልጋዋ ፊት ለፊት ሰቀለችው። ቂሟ እንዳይበርድ ነው መሰለኝ። በዚያው ዓመት እዚህ መደብር ተቀጠረች። ዘመድ ስንት ጊዜ ሊያስታርቃቸው ገባ ወጣ ብሎ ተመለሰ፤ እሷ ወይ ፍንክች።

ዘንድሮ እህቷ ሞተች። ቀብሩ ላይ አብሬያት ሄጄ ነበር። ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ እንባ ሳይወጣት ተመለሰች። በልቤ ተቀየምኳት፤ አልዋሽም።

በወሩ አንዲት የሃያ ዓመት ወጣት ወደ መደብሩ ገባች። ጥቁር ለብሳለች። የእህትየው ልጅ መሆኗን ያወቅሁት በቀብሩ ዕለት ነው። ቀጥታ ወደ እትዬ ብሩሽ ሄዳ ከቦርሳዋ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

"እንደምን ዋሉ" አለቻት፣ እንደ ባዳ። "እናቴ ይሄን እንዳስረክብዎት አዝዛኝ ነበር። በየሳምንቱ ቅዳሜ በሳሙና ስታጥበው ነው ያደግሁት። ምንድን ነው ስላት፣ 'የአክስትሽ ነው፤ ሲለሰልስ እመልስላታለሁ' ትለኝ ነበር። ሳይለሰልስ ሞት ቀደማት።"

እትዬ ብሩሽ ጨርቁን ፈታች። የአባቷ ብሩሽ ነው። ልጅቷን "ተቀመጪ" እንኳ አላለቻትም፤ እጇ ግን የለመደውን ሠራ። ብርጭቆው ውስጥ ነከረችው፤ አራገፈችው፤ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችው። ግማሹ ጠጉር ቀጥ አለ፣ ግማሹ እንደ ተንጨፈረረ ቀረ። ከዚያ ጠጉሩን በአውራ ጣቷ ከፈት አድርጋ ሥሩን፣ ቆርቆሮው የሚይዘውን ቦታ አየች። ቀለም የሚደርቀውና የማይለቀው እዚያ ነው።

"ነጭ ነበር" አለች ቀስ ብላ።

እኔም ከማሽኔ ጀርባ ወጥቼ አየሁ። ነጩን የአሥራ አራት ዓመት ሳሙና አጥቦታል። ከሥሩ የቀረው ሰማያዊ ነው።

"ከነጩ በፊት ሰማያዊ ደርቆበታል" አለች። ቦርሳዋን አንስታ፣ ልጅቷን እኔ ጋ ትታ ወጣች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከሰዓቷ በፊት ስትወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ቀረች። ጨንቆኝ በምሳ ሰዓት ቤቷ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ሥዕሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንድ ጠርሙስ አልኮልና የጥጥ ክምር አለ። ነጩን ቀለም በአልኮል እያራሰች ስታነሳው ያደረች ይመስላል፤ የጣቶቿ ጫፍ ተልጧል።

"ና እይ" አለችኝ።

ከነጩ ሥር ሰማያዊ ሰማይ ወጥቷል። ሰማይ ከተባለ ነው እንጂ ድፍን ያለ፣ ወፍራም አክሪሊክ ነው። እያንዳንዱ መስመር በስተቀኝ ወፍሮ ጀምሮ ወደ ግራ እየሳሳ ይሄዳል።

"ግራኝ ነበር" አለች። "የእሱ እጅ ነው። የእሷን የአክሪሊክ ቱቦ የራሱ የውሃ ቀለም መስሎት ነው ያነሳው። ይሄን ደግሞ እይ።" ጣቷን አስቀመጠች። ሰማያዊው ከሰማዩ ወርዶ፣ ቀዩን ጣሪያ ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል። "ጣሪያውን አላየውም። ዓይኑ ጠፍቶ ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። እሷ ደርሳ ስታይ በነጭ ሸፈነችለት። ሥዕሉንም፣ ብሩሹንም፣ እሱንም።"

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው እሷን ተቀይሞ መስሎኝ ነበር። አፍሮ ነው። እኔን አፍሮ ነው። እሷ ደግሞ 'እሺ' አለችኝ።" ያኔ አለቀሰች፤ ቀብሩ ላይ የቀረው ለቅሶ ሁሉ አንድ ላይ መጣ። "አሁን ማንን ይቅርታ ልበል? ንገረኛ! ማን ፊት ሄጄ ልውደቅ?"

አብሬያት አለቀስኩ።

ልጅቷ አሁን አንዳንድ ቀን ወደ መደብሩ ብቅ ትላለች። "እርስዎ" ማለቷን ገና አልተወችም። እትዬ ብሩሽም አትጎተጉታትም፤ ወንበር ሰጥታ ታያታለች።

ባለፈው ሳምንት ያ መምህር እንደገና መጣ። ሌላ ለስላሳ ብሩሽ አድርቋል። አዲስ ሊገዛ ነው የመጣው፤ ግን የደረቀውን ከኋላው ደብቆ ይዞታል። እሷ አየችበት። እኔም ጩኸቱን ጠብቄ ማሽኔን አቆምኩ።

እጇን ዘርግታ ብሩሹን ተቀበለችው፤ ሥሩን ከፈት አድርጋ አየችና መልሳ ሰጠችው።

"ማነው ያደረቀው?" አለችው።

"እኔ ነኝ" አለ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ።

"አንተ ብትሆንም ባትሆንም" አለች፣ "ብሩሽ ነው፣ የኔ ወንድም። ብሩሽ ብቻ ነው።" ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞራ አዲስ አወረደችለት። ብርጭቆው ውስጥ ነከረችው፤ ጫፉን ለማየት ወደ መስኮቱ አነሳችው፤ ዓይኗን አጥብባ ራቅ ቀረብ አደረገችው፤ በመጨረሻ "አንተ እየው፤ እኔ አልታየኝም" ብላ ለእኔ አቀበለችኝ።