ብራዚል በመቋሚያ

ደብተራ ወልደ ሐዋርያት በሰቆጣ ከተማ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በመቋሚያውና በተንኮሉ። መቋሚያውን ይዞ ለዝማሜ ሲቆም፣ ማኅሌት የማያውቅ ገበሬ እንኳ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ተንኮሉን ያልቀመሰ የደብሩ አገልጋይም አልነበረም፤ ከአለቃው በቀር። አለቃውንም የተዋቸው ፈርቶ እንጂ አዝኖላቸው አይደለም።

በ1963 ዓ.ም. ጥር ላይ የደብሩ መሪጌታ ዐረፉ። ከእሳቸው በፊት በዚያ ቦታ የወልደ ሐዋርያት አባት ሃያ ዓመት ቆመውበታል፤ ልጅየውም ዕድሜው ወደ ሃምሳ እስኪጠጋ ድረስ ከዚህ ሌላ የተመኘው ሹመት የለም። እንቅልፍ የሚነሣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደብተራ ገብረ አምላክ። ገብረ አምላክ ድጓውን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ጽሕፈቱ ያማረ ነው፣ ጠባዩም የታረመ ነው። እጁ ግን ከባድ ነው፤ መቋሚያ ሲያነሣ ማሽላ የሚወቃ ይመስላል። የደብሩ አለቃ አሥራተ ማርያም የሟቹ ሙት ዓመት ሳይወጣ ቦታው ለማንም አይሰጥም ብለው ሁለቱንም በተስፋ አንጠልጥለው አስቀመጧቸው።

ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት መኪና ሰቆጣ ስትደርስ ተሰብራ ቀረች። የጫነችው የአዲስ አበባ የጃዝ ባንድ ነበር። ከመቀሌ በአበርገሌ በኩል የመጡት የመሪያቸው የዋሴ እናት የሰቆጣ ሰው ስለነበሩና እሱም የእናቴን መቃብር ሳልሳለም አልመለስም ስላለ ነው። ዋሴ የብራዚል ዓይነት ዘፈን በሸክላ ሊያወጣ ከአንድ ነጋዴ ጋር ተዋውሏል፤ ድምፁ የተቀረጸበት የቴፕ ክር እስከ ፋሲካ አዲስ አበባ ካልደረሰ ውሉ ይፈርሳል። መቅረጫው አብሯቸው አለ፤ ከበሮ መቺው ግን ተከዜ ላይ የያዘው ወባ ጥሎት በይመኙሻል ጠላ ቤት መደብ ላይ ይንቀጠቀጣል።

«በዚህ አገር ምት የሚያውቅ አንድ ሰው አለ» አለችው ይመኙሻል ዋሴን፤ ወልደ ሐዋርያትንም አስጠራችው።

ወልደ ሐዋርያት መጥቶ ከበሮውን አየና እጁን ሰበሰበ።

«በጾም ከበሮ አይመታም» አለ። «የቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ከነጸናጽሉ ተሰቅሏል።»

ዋሴ በረጅሙ ተነፈሰ። «እውነትዎን ነው የኔታ። ብራዚሎቹም ጾም ሲገባ ያቆማሉ። ሲጨፍሩ የሚሰነብቱት ከጾሙ በፊት ነው።»

«ክርስቲያኖች ናቸው?»

«ናቸው።»

«እንግዲያ ይሄ የቅበላ ዘፈን ነዋ» አለ ወልደ ሐዋርያት ፊቱ በርቶ። «እስቲ አሰማኝ።»

ዋሴ ሳክስፎኑን ለስለስ አድርጎ ነፋ፤ ጊታሩ ተከተለው። ዜማው አይሮጥም፣ አይተኛምም፤ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ። ወልደ ሐዋርያት ዓይኑን ጨፈነ፤ ሰውነቱ ሳያዘው መወዛወዝ ጀመረ። ቀጥሎ መቋሚያው ወለሉን ነካ። አንዴ ከበድ፣ ሁለቴ ቀለል፣ ከዚያ ትንሽ ዘግየት ብሎ እንደገና አንዴ። ጊታር መቺው መጫወቱን ትቶ ያየው ጀመር።

«ከበሮ አልነካሁም» አለ ወልደ ሐዋርያት። «መቋሚያ ግን በጾምም አይከለከልም።»

መቋሚያ የተፈቀደው ለማኅሌት እንጂ ለዘፈን እንዳልሆነ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ደስ ብሎታል፤ እንዲህ ደስ ካለው ብዙ ዘመን ሆኖታል።

አራት ቀን በይመኙሻል እህል ማስቀመጫ ቤት ውስጥ ቀረጹ። ግድግዳውን በደበሎ ሸፈኑት፤ መቅረጫውን ከመኪናው ባትሪ ጋር አያያዙት። በጾም የሚቀደሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ወልደ ሐዋርያት ጠዋት ለብራዚል ይመታል፣ ከሰዓት ደግሞ የዋሕ መስሎ ደብሩ ይገኛል። አንድ ዘፈን የጎረቤት አህያ አናፍታ አበላሸችው፤ ይመኙሻል በአገሬው ቋንቋ በኻምጠኛ እየረገመች እስከ ወንዝ ድረስ ነዳቻት።

ሥራው ሲያልቅ ዋሴ «በሸክላው ልባስ ላይ ስምዎን ላጽፍ ነው» አለው።

ወልደ ሐዋርያት ደነገጠ። አለቃው ይህን ቢያዩ መሪጌትነቱ አለቀለት። ስሜን ተወው ማለት ይበቃው ነበር፤ ተንኮሉ ግን አላስቀመጠውም።

«ጻፍ» አለ። «ደብተራ ገብረ አምላክ ዘሰቆጣ።»

ይመኙሻል የያዘችውን ማሰሮ ልትጥለው ነበር። በዓይኑ ዝም አሰኛት።

ሸክላው በኅዳር ሰቆጣ ደረሰ፤ ዋሴ ከነማጫወቻው ለይመኙሻል ላከላት። አለቃ አሥራተ ማርያም ልባሱን አስመጥተው አነበቡና ገብረ አምላክን ጠሩት። ምስኪኑ መስቀል ጨብጦ ማለ፤ እንባውም ወረደ። ወልደ ሐዋርያት ከኋላ ቆሞ ያዘነ መስሎ ከንፈሩን ይመጥ ነበር።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። የአውራጃው ገዥ ሸክላውን ወደደው። የሰቆጣን ስም አስጠራ ብሎ ገብረ አምላክን አስጠርቶ ካባ አለበሰው። በገበያ ቀን ከኒሯቅ የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ እጅ ይነሡታል። ገብረ አምላክ መጀመሪያ «እኔ አይደለሁም» ይል ነበር። ቀጥሎ ዝም ማለት አመጣ። ጥምቀት ሲቃረብ «እግዚአብሔር ሲረዳ ነው» ይል ጀመር። ወልደ ሐዋርያት ይህን በሰማ ቀን ምሳ አልበላም።

«ሰውየው ሌባ ነው» አለ ለይመኙሻል።

«ስሙንስ ማን ጻፈለት?» አለችው።

የሟቹ ሙት ዓመት ወጣ። ካህናቱና ሽማግሎቹ በደብሩ አጸድ ከወይራ ሥር ተቀመጡ፤ ገዥውም ለዝክሩ ተጠርቶ ነበር። አለቃው «ገብረ አምላክ በዘፈን ስሙ ተነሥቷል። ቦታው የወልደ ሐዋርያት ነው» አሉ። ወልደ ሐዋርያት ጎንበስ ብሎ መሬት ሳመ። አባቱ ይህችን ቀን ቢያዩ ብሎም ተመኘ።

ገዥው ግን የመጣበትን አልረሳም። «ከመበተናችን በፊት» አለ፣ «ገብረ አምላክ ያቺን የብራዚሏን ምት ያሳየን።»

አለቃው ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ገዥን ግን ማን እምቢ ይላል። ገብረ አምላክ ካባውን ሰብስቦ ተነሣና መቋሚያውን መሬት ላይ ያወርደው ጀመር። ሁሉም ምት እኩል ይከብዳል፣ ሁሉም ይቸኩላል።

«እሰይ» አለ ገዥው።

ወልደ ሐዋርያት ጥርሱን ነከሰ። ገብረ አምላክ ደገመው፤ ገዥው አሁንም አደነቀ። ሦስተኛ ሊል ሲያነሣ ወልደ ሐዋርያት ብድግ ብሎ መቋሚያውን ከእጁ ቀማው።

«እንዲህ አይደለም» አለና መታው። አንዴ ከበድ፣ ሁለቴ ቀለል፣ ዘግየት ብሎ አንዴ። ለዝክሩ ከመጡት ሴቶች መካከል ይመኙሻል ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

አለቃ አሥራተ ማርያም ሞኝ አልነበሩም፤ የወልደ ሐዋርያትን ሙያ ግን ይወዱ ነበር። ስለዚህ መውጫ ከፈቱለት።

«ከሸክላው እየሰማህ ነው የለመድከው፣ አይደለም?» አሉት ቀስ ብለው።

አዎን ማለት ብቻ ነበረበት። ራሱን ቢነቀንቅ እንኳ ይበቃ ነበር፤ የአባቱ ቦታ በእጁ ነበረች።

«አይ የኔታ» አለ። «ሸክላው ነው ከእኔ የተማረው።»

«ስሙስ?»

«ስሙን ለተንኮል ነው ያጻፍኩት፤ ይቅር ይበለኝ። ካባውን ለስሙ ኪራይ ይያዘው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ገብረ አምላክና አለቃው ግን አልሳቁም። መሪጌትነቱ ለገብረ አምላክ ተሰጠ። ወልደ ሐዋርያት ቤቱ ገብቶ አለቀሰ፤ ማንም አልቀማውም፣ ያጣው በገዛ አፉ ነውና የሚያማው ሰው እንኳ አልነበረውም። የታዘዘበትን ንስሐ ጨርሶ ሲመለስም መጨረሻ ረድፍ ላይ አቆሙት።

መሪጌታ ገብረ አምላክ ፊት ቆሞ ይመራል። ዝማሜ ሲጀመር ግን ካህናቱ መቋሚያቸውን የሚያነሡት ወደ መጨረሻው ረድፍ እየሰረቁ በማየት ነበር፤ አለቃውም አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ገብረ አምላክ ሁለት ወር ታገሠ። ከዚያ አለቃው ዘንድ ሄደና ወልደ ሐዋርያትን ከፊት ለፊቱ፣ እሱም ሊያየው በሚችልበት ቦታ እንዲያቆሙለት ለመናቸው።