ወንድም የጠረበው ፊት

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዳውንታውን ኦክላንድ በባርት ተነሣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳመላልስ የምውል ሹፌር ነኝ፤ በእረፍት ቀኔ ባቡር መሳፈሬ ለራሴም አሳቀኝ። የምሄደው ሳን ሆዜ ያለ ሙዚየም ውስጥ አንድ የእብነ በረድ ራስ ለማየት ነው። አንዲት ተሳፋሪዬ፣ «የቀራፂ ፊት ነው፤ የቀረፀው ደግሞ የገዛ ወንድሙ» ካለችኝ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

መደበቅ አያምርብኝም፤ ታናሽ ወንድሜ ዳዊትም የሚኖረው ሳን ሆዜ ነው። ከተኳረፍን አራት ዓመት ሆነን። እናታችን ስታርፍ እሱ ቀድሞ ሰማ። ሰው ሰብስቦ በማለዳ ሊያረዳኝ ሲሰናዳ፣ አንድ የሰፈር ሰው የለጠፈውን «ነፍስ ይማር» ስልኬ ላይ አየሁት። ደውዬ «ደበቅከኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። «ጋሼ፣ መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?» ሲለኝ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

የሳን ሆዜው ጣቢያ፣ ቤሪየሳ፣ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከፍሪሞንት ወዲያ ኮረብታው ደርቋል። ፉርጎው ውስጥ ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ስልኩን ያያል፤ እስክወርድ ድረስ አንድም ሰው አላናገረኝም። ብቸኝነት ተሰማኝ።

ሙዚየሙ ውስጥ

ምስሉ ደረቱ ላይ ያበቃል። እንደ ጥንት ሮማዊ ትከሻው ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎለታል፤ ዓይኑ ብሌን የለውም። ጠባቂዋ ጠና ያለች ሀበሻ ነበረች።

«ታላቁ ነው ታናሹን የሠራው» አለችኝ። «ሺፍት ሲደርሰኝ እሱን ሳይ ነው የምውለው። ቅንድቡ ላይ ጠባሳዋን አየሃት? እሷን እንኳ ስኪፕ አላደረጋትም።»

ልጆች ሆነን ዳዊትን በድንጋይ ፈንክቼው ነበር። ጠባሳው በየትኛው ቅንድቡ ላይ እንደሆነ ላስታውስ ብል አቃተኝ። አፈርኩ።

«አንተስ ወንድም አለህ?»

«አለኝ፣ እትዬ። እዚሁ ሳን ሆዜ።»

«ታዲያ ለምን ብቻህን መጣህ?»

«ሥራ ላይ ነው» ብዬ ዋሸሁ።

ዳዊት ቤት

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢባልም ብርቱካን ገዝቼ፣ ሳልደውል፣ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ሶልያና ከፈተችልኝ። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል።

«አባትሽ አለ?»

«ሂ ኢዝ አት ወርክ» አለችና ትኩር ብላ አየችኝ፤ እውነትም ሥራ ላይ ነበር። «ዩ አር ማይ አንክል፣ ራይት?»

«አጎትሽ ነኝ» አልኳት። ልደውልለት ወይ ስትለኝ ፈራሁ። ብርቱካኑን ሰጥቻት ተመለስኩ።

ባቡር ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ዳዊት ነው።

«ጋሼ፣ ቤት ድረስ መጥተህ ነበር አለችኝ። ፐርሚሽን ጠይቄ መኪና ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ንገረኝ፤ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ሙት በለኝ!»

«ዳዊት ይሙት! አንተን ላይ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ማልቀሱን ሰማሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኦክላንድ፣ ቤቴ ገባሁ። ወንድሜ ደጁን መርገጤን ሲሰማ ከሞት ሌላ ምክንያት አልታየውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ብቻዬን እንዳላለቅስ ሰው ሲሰበስብልኝ የነበረውን ልጅ፣ አራት ዓመት ሙሉ እናቱን ብቻውን አስለቀስኩት።