አጎቴ በልጆቹ ጠረጴዛ

ባለፈው ወር ጌታ የሰበሰባቸው አጎቴ፣ እሑድ አምልኮ ሲያልቅ ፍራንክፈርት ጋሉስ ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ከልጆቹ የሥዕል ጠረጴዛ ተቀምጠው ቡናማ እርሳስ ይቀርጹ ነበር። ልጆቹ ግን ኪንደርጋርተን እንደለመዱት «የቆዳ ቀለም» የሚሉት ሮዝማውን ነበር።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን፣ ያኔ ትንሽ የነበረችው ልጄ የቀባችውን ሰው አሳየቻቸው።

«ይኼ ማነው?»

«ዳስ ቢስት ዱ፣ አባባ። አንተ ነህ።»

«እኔ? ቆዳዬን ማን ገፈፈው?»

ሳቀች። ቀጥላ ግን እንደ ጓደኞቿ ነጭ መሆን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። አልተቆጧትም፤ እጃቸውን ከእጇ አጠገብ ዘርግተው የሁለቱን እጆች ቀለም የሚመስል እርሳስ አብረዋት ፈለጉ።

«በእግዚአብሔር ቤት የቀለም ነገር ለምን ይነሳል?» አልኳቸው።

«አንቺ ጸልዪ፣ እኔ ልቀባ» አሉኝ።

ምክንያታቸውን የነገሩኝ በኋላ ነው። በወጣትነታቸው እዚሁ ፍራንክፈርት ሲማሩ፣ በጥቁር ንቃተ ህሊና ንቅናቄ ውስጥ ከነበሩ የደቡብ አፍሪካ ስደተኞች ጋር ኖረዋል። አፓርታይድ ጥቁሩን ሰው በገዛ ራሱ እንዲያፍር አድርጎት ነበር። እነዚያ ወጣቶች ትግሉን የጀመሩት ያንን እፍረት ከውስጣቸው በማውጣት ነው፤ ሕዝቡም ቀና ብሎ አደባባይ የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው ይሉ ነበር አጎቴ።

ባለፈው እሑድ ወንበራቸው ባዶ ነበር። አሁን ኮረዳ የሆነችው ልጄ ሄዳ ተቀመጠችበት።

«አሁን አባባ አንቺ ነሽ?» አለቻት አንዲት ትንሽ ልጅ።

«እስኪ ሥዕልሽን አሳዪኝ» አለቻት ልጄ።

ወደ ቤት እንሂድ ልላት ነበር። ጌታን አመስግኜ ተቀመጥኩ።